«ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው የለም»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች የተጻፉት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ወጣት ሆኖ፣ ብቻን፣ በመኪና፣ ሰው በማይበዛበት ምድር ረጅም መንገድ ስለ መጓዝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ መልስ የሚፈልግ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፦ ዕድሜዬ 23 ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስክጀምር ድረስ ስድስት ሳምንት አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ከአገሩ አንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው በረሃውን፣ ተራራውንና ጫካውን አቋርጬ በራሴ መኪና ለመጓዝ ወስኛለሁ። አብራኝ ልትሄድ የነበረችው ጓደኛዬ በድንገት ሥራ ስላገኘች ቀርታለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመት ቢሆነኝም በአንድ ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ነድቼ አላውቅም፤ መኪናዬ አሮጌ ናት፣ ግን ደኅና ናት። ዘመዶቼ ሁሉ የሚያስፈራሩኝ በአውሬና በክፉ ሰው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወይም ቢመሽብኝ «አሁን ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብዬ የምጠይቀው፣ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው የለም። በእርግጥ ልፈራ የሚገባኝ ምኑን ነው? ብሄድስ እንዴት ልሂድ?

መልስ

ውድ እህታችን፣ ዘመዶችሽ በአውሬ ሲያስፈራሩሽ አንቺ የፈራሽው ከጎንሽ የሚቀመጥ ሰው ማጣትን መሆኑ ከምታስቢው በላይ ለመንገዱ የተዘጋጀሽ መሆንሽን ያሳያል። ሁለት ሰዎች ሲጓዙ የአንደኛውን ድካም ሌላው ያይለታል፤ አንደኛው «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንግፋበት» ሲል ሌላው «የለም፣ እዚሁ እንደር» ይላል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ግን መንገዱንም፣ መኪናውንም፣ የራሱንም አቅም የሚመዝነው በዚያው በደከመ አእምሮው ነው፤ ድካም ከሚነጥቀን ነገር አንዱ ደግሞ መድከማችንን የማወቅ ችሎታ ነው።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው፤ መንገድ ላይ የሚያጋጥሙሽን ከባድ ውሳኔዎች ከመነሣትሽ በፊት፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ እንቅልፍሽን በጠገበ አእምሮ አስቀድመሽ ወስኛቸው፤ ወስነሽም በጉልህ ጽፈሽ ከመሪው አጠገብ ለጥፊያቸው። በስንት ሰዓት መንዳት እንደምታቆሚ፣ የነዳጁ መለኪያ የት ሲደርስ እንደምትሞዪ፣ መንገዱን ውኃ ቆርጦት ብታገኚ ምን እንደምታደርጊ፣ መኪናዋ ብትቆምብሽ የት ሆነሽ ርዳታ እንደምትጠብቂ ቀድሞ የተወሰነ ይሁን። መንገድ ላይ ስትሆኚ እነዚህን ውሳኔዎች ታከብሪያቸዋለሽ እንጂ እንደገና አትከራከሪባቸውም። የቀረችው ጓደኛሽ ብትኖር ኖሮ የምትልሽን ነገር ያ ወረቀት ይልልሻል።

በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ መስፈር ያለበት እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል፤ ይህ ደግሞ በብዙ አገሮች መንዳት የሚከለከልበት መጠን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደረጃ ይደርሳል ማለት ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ካልዋለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ዐይንሽ ለአራት ሰከንድ ቢከደን ከ110 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳት ሄዳለች። ብዙ ሰው የሚፈራው ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ቢሆንም እኔ ይበልጥ የምፈራልሽ ቀጥ ያለውን የሜዳ መንገድ ነው። ስሙ በላቲን «ዛፍ የሌለበት» ማለት የሆነውን የአውስትራሊያን የኑላርቦር ሜዳ የሚያቋርጠው የኤር አውራ ጎዳና ለ146.6 ኪሎ ሜትር አንዲት መታጠፊያ ሳይኖረው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ክፍል አለው። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ እጅ የሚሠራው፣ ዐይንም የሚለየው ነገር ስለማያገኝ አእምሮ ሳይነግርሽ ይተኛል።

ምልክቶቹን ልብ በዪ። አሁን ያለፍሽው የመንገድ ምልክት ምን ይል እንደ ነበር ካላስታወስሽ፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መርገጡን የሰማሽው ከረገጠ በኋላ ከሆነ፣ ያለፉት አምስት ደቂቃዎች ከትዝታሽ ከጠፉ ከዚያ በኋላ አንድም ኪሎ ሜትር አትጨምሪ። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያድንም። የሚያድነው ከመንገዱ ርቆ በሚያስተማምን ቦታ ላይ መኪናን ማቆምና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ቡና የምትጠጪ ከሆነም ከመተኛትሽ በፊት ጠጪው፤ ኃይሉ የሚሰማው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ስለሆነ ስትነቂ ይደርስልሻል። ሰውነት በተፈጥሮው የሚዝልባቸው ሰዓቶችም አሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12፣ ከቀኑም 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ተኚበት፤ በሁለተኛው ደግሞ እረፍት አድርጊ። እስካሁን ከሦስት ሰዓት በላይ ነድተሽ የማታውቂ በመሆንሽ በመጀመሪያው ሳምንት መሪ ላይ የምትቆዪበት ጊዜ በቀን ከአምስት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሁለት ሰዓቱም ወርደሽ እንድትራመጂ እመክራለሁ። ከስድስቱ ሳምንት አንዱን ደግሞ ለብልሽት፣ ለዝናብና ለመድከም ብለሽ ያለ ዕቅድ ተዪው፤ ቀን የጠበበበት መንገደኛ ነውና የሚቸኩለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምሽት ነው፤ ይህን የምነግርሽ ከራሴ ተሞክሮ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ብቻዬን በጠጠር መንገድ ስነዳ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቴ ወደ ተራራው ጥግ ወረደች። ላድርበት ያሰብኩት ቦታ 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበርና «አርባ ምን አላት» ብዬ ገፋሁበት። በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው አቧራ ጨረሩ ሲያርፍበት መንገዱን ወተት የፈሰሰበት አስመስሎት ነበር። ፀሐይዋ ጠልቃ መብራት እንዳበራሁ በቀኝ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ዐይኖች ብልጭ አሉ፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ሳያርፍ አንድ አጋዘን መንገዱን በአንድ ዝላይ አቋረጠው። እፎይ ብዬ እግሬን ወደ ነዳጅ መስጫው ልመልስ ስል ሁለተኛው መጣ። መኪናዬ ከጎኑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች፤ ያስነሣሁት አቧራ ከኋላዬ ደርሶ ሁለታችንንም ሲሸፍነን እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ እንስሳ መንገድ ሲያቋርጥ ባየሁ ቁጥር ተከታዩ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ብዙ የዱር እንስሳት የሚንቀሳቀሱት በንጋትና በምሽት፣ የሰው ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ገና ባልለመደበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት የምታድሪበት ቦታ ግቢ፤ ጠዋትም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሺ። እንስሳ ድንገት ከገባብሽ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ፍሬን ያዢ እንጂ ለማምለጥ አትጠምዝዢ፤ በጠጠር ላይ በድንገት የተጠመዘዘ መኪና ይገለበጣል ወይም ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ይላተማል። እንደ ግመል እግሩ ረጅም የሆነ እንስሳ የሚኖርበት አገር ከሆነ ደግሞ ፍጥነትሽን ይበልጥ ቀንሺ፤ መኪናው የሚመታው እግሩን ነውና ከባዱ አካሉ በኮፈኑ ላይ ተንሸራትቶ በቀጥታ ወደ ፊት መስታወቱ ይመጣል።

ስለ መኪናዋ፦ ዘይቷን፣ ፍሬኗን፣ ቺንጊያዋንና ራዲያተሯን በጋራዥ ማሳየትሽ አይቀርም፤ ስለዚህ በዚያ ላይ አልቆይም። ጋራዡ የማያደርግልሽ ነገር ግን አለ። ከመነሣትሽ አንድ ሳምንት በፊት መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሚ፤ የእጅ ፍሬን ያዢ፤ ማንም ሳይረዳሽ አንድ ጎማ ፈትተሽ መልሰሽ እሰሪ። መኪናዋን በክሪክ ከማንሣትሽ በፊት፣ ጎማው ገና መሬት እንደ ረገጠ፣ ብሎኖቹን ግማሽ ዙር ያህል አላልተሽ ተዪያቸው፤ መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ከታገልሻቸው ጎማው አብሮ ይዞራል፣ መኪናዋም ከክሪኩ ላይ ልትንሸራተት ትችላለች። በጋራዥ በአየር መሣሪያ የጠበቀ ብሎን በእጅ ጉልበት እምቢ ማለቱን የምታውቂው ያን ጊዜ ነው፤ መፍቻው ላይ የሚሰካ ረጅም የብረት ቧንቧ ያን ችግር ያቃልለዋል። ለስላሳ መሬት ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የምታነጥፊው ወፍራም ጣውላ ያዢ። ትርፍ ጎማው ራሱ ነፋስ እንዳለው ማየትም እንዳትረሺ፤ ሰው ሁሉ አራቱን ሲያስለካ አምስተኛውን ይረሳዋል። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ አሸዋ ለማለፍ ነፋስ የቀነስሽ እንደ ሆነም ወደ ጠንካራው መንገድ ስትመለሺ ሳትሞዪ በፍጥነት አትንጂ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ እየተጣጠፈ ይግልና ይፈነዳል።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1909 አሊስ ራምሴ የተባለች የ22 ዓመት አሜሪካዊት ከኒው ዮርክ ተነሥታ በ59 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ በመድረስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነጂ ሆናለች። ሦስት ሴቶች አብረዋት ቢሆኑም አንዳቸውም መንዳት ስለማይችሉ መሪው ከእጇ አልወጣም። ጉዞው 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ንጣፍ የነበረው 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ 11 ጊዜ ጎማ ቀይራለች፣ ካንዴላዎቹንም ራሷ ታጸዳ ነበር። አንቺ ከእርሷ የተሻለ መንገድና የተሻለ መኪና አለሽ፤ እርሷ ግን ሞተሩን በእጇ ታውቀው ነበርና በዚህ ምሰያት።

የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ወደ ቀዩ ሲጠጋ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፊ፤ ሙቀቱ ቢከብድሽም ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቺው፤ የሞተሩን ግለት ወደ አንቺ እየሳበ ያቃልልለታል። ካልወረደ ቁሚና ሞተሩን አጥፊ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ፈጽሞ ሳይበርድ አትንኪው፤ በግፊት ተይዞ የቆየው የፈላ ውኃ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል።

ለመጠጥ ብቻ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ አስቢ፤ ከዚያም ላይ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ትርፍ ያዢ፤ ሁሉንም በአንድ ጀሪካን አታድርጊው፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይቀርልሻል። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙዪ፤ ባገኘሽበት ሙዪ። በአላስካ እ.ኤ.አ. በ1974 ለነዳጅ ማስተላለፊያው ቧንቧ ሥራ የተገነባው 666 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የዳልተን አውራ ጎዳና ከኮልድፉት እስከ ዴድሆርስ ባለው 386 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አንድም ነዳጅ ማደያ የለውም፤ ሩብ ታንክ ይዞ «ከፊቴ አይጠፋም» ያለ ሰው እዚያ መንገድ ላይ ይቀራል።

መኪናዋ ሰው በሌለበት ብትቆምስ? በወረቀትሽ ላይ በትልቁ ጻፊው፦ «ከመኪናዋ አልለይም»። በረሃ ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ብዙ መንገደኞች የተገኙት ከመኪናቸው ተነሥተው ርዳታ ፍለጋ በእግራቸው በሄዱበት ነው። መኪና ከአየር ላይ ስትታይ ጎልታ ትታያለች፤ ሰው ግን ከቁጥቋጦ አይለይም። ኮፈኑን ከፍ አድርገሽ ተዪው፤ ችግር ላይ እንዳለሽ ከሩቅ ይናገርልሻል። በሙቀት ጊዜ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሳይሆን መኪናዋ በምትጥለው ጥላ ሥር ተቀመጪ፤ በአሜሪካ የሞት ሸለቆ በሚባለው በረሃ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመዘገበው ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በዚህ ዓይነት ምድር በቀትር መራመድ ውኃሽን በጥቂት ሰዓት ያስጨርስሻል። በበረዶ ከተያዝሽ ደግሞ ውስጥ ቆዪ፤ ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ አሠሪው፤ ከዚያ በፊት ግን የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ወርደሽ እዪ፤ የተደፈነ እንደ ሆነ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል።

መንገድ ስለቆረጠ ጎርፍ የሚጻፈው አጭር ነው፤ አትግቢ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ አዋቂን ሰው ከእግሩ ያነሣል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው አብዛኞቹን ትናንሽ መኪኖች፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ትልልቆቹንም ይወስዳል። ውኃው ደፍርሶ ስለሚመጣ ከሥሩ መንገድ ይኑር አይኑር አይታይሽም። ዝናቡ የዘነበው ከአንቺ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በላይሽ ያለው ሰማይ ጠርቶ ሊሆን ይችላልና በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ድንኳን መትከልም ፈጽሞ አይገባም። ድንገተኛ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።

ተራራውን በሚመለከት፣ መኪና ሰውነት ከሚለምደው በላይ በፍጥነት እንደሚያወጣ አስቢ። በቻይናና በፓኪስታን ድንበር ላይ ያለው የኩንጄራብ በር ከባሕር ወለል በላይ 4,693 ሜትር ከፍታ አለው፤ እዚያም አስፋልት ይወጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊጀምር ስለሚችል ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኚ የምታድሪበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አይሁን፤ ከተባባሰብሽ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ስትወርጂ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬኑን ብቻ ተማምነሽ ረጅም ቁልቁለት ከወረድሽ ግሎ መያዝ ያቅተዋል።

ዘመዶችሽ ስላነሧቸው ሁለት ነገሮች ጥቂት ልበል። አውሬን ሰው የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ፎቶ ሊያነሣ ሲጠጋ ነው፤ የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር፣ ከሌሎቹ እንስሳት 23 ሜትር መራቅን ያስገድዳል፤ ይህን ልክ በሄድሽበት ሁሉ ያዢው። ሽታ ያለውን ምግብ ሁሉ አሽገሽ አስቀምጪ፤ በድንኳንሽ ውስጥ አይደር። ክፉ ሰውን በተመለከተ የት እንደምታድሪ ለማታውቂው ሰው አትንገሪ፤ ፎቶ የምትለጥፊው ከቦታው ከለቀቅሽ በኋላ ይሁን፤ መኪናዋን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ መውጫው አድርገሽ አቁሚ። ቦታው ካልተመቸሽ ምክንያቱን መናገር ባትችዪ እንኳ ተነሺና ሂጂ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ደስታ ሲበርድ፣ ምሽት ላይ ከባድ ብቸኝነት ሊመጣብሽ ይችላል፤ ድምፅሽን ቀኑን ሙሉ ሳትሰሚው ውለሽ ስትናገሪ ይሻክርብሻል። ብዙ ብቻቸውን የተጓዙ ሰዎች ያን ጊዜ ሁለት ስሕተት ይሠራሉ፤ ወይ ብቸኝነቱን ለማምለጥ ሲሉ ከዕቅዳቸው በላይ ይነዳሉ፣ ወይም «ለዚህ ዓይነት ነገር አልተፈጠርኩም» ብለው ይመለሳሉ። አንቺ በዚያ ቀን መኪናዋን አታስነሺ። በአንድ ቦታ ሁለት ሌሊት እደሪ፤ ልብስሽን እጠቢ፤ በእግርሽ ሂጂ፤ ማለዳ ያየሽውን ኮረብታ ማታም እዪው። እኔ በዚያ በመጀመሪያው ጉዞዬ ካየኋቸው አገሮች ሁሉ በዝርዝር የማስታውሰው መኪናዬን ያላስነሣሁበትን አንዱን ቀን ነው፤ የድንጋዩ ቀለም በየሰዓቱ ሲለዋወጥ፣ ነፋሱም ቀትር ላይ አቅጣጫውን ሲቀይር የተገነዘብኩት በዚያ ቀን ነበር። ሂጂ እህቴ፤ ወረቀትሽን ግን ሳትጽፊ አትነሺ።

ጥያቄ

እኔ የስልክ ካርታ ስላለኝ የወረቀት ካርታ መያዝ አላስፈለገኝም፤ ወዳጆቼ ግን ይከራከሩኛል። ኔትወርክ በሌለበት የስልኩ ካርታ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልስ

ሥራው ሁለት ስለሆነ መልሱም ሁለት ነው። ስልክህ የት እንዳለህ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይህን ያውቃል፤ የካርታው ሥዕል ግን ቀድሞ ካልተጫነ በባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ታያለህ። ስለዚህ የምታልፍበትን አካባቢ ሁሉ ከመነሣትህ በፊት ስልክህ ላይ ጫነው።

ወዳጆችህ ግን ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ፖሊስ አንድ የስልክ ካርታ ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ ከትክክለኛ ቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በብሔራዊ ፓርክ መካከል እንደሚያሳይ አስታውቆ ነጂዎችን አስጠንቅቋል፤ ካርታውን የተከተሉ ሰዎች ሙቀቱ እስከ 46 ዲግሪ በሚደርስበት ምድር ላይ መንገድ ጠፍቷቸው ነበር። የስልክ ካርታ አጭሩን መንገድ ሲመርጥልህ የመንገዱ ወለል ምን እንደሚመስል ሁልጊዜ አያውቅም። በወረቀቱ ካርታ ላይ በቀጭን ነጠብጣብ የተሣለ መንገድ ከሆነ፣ ከፊትህ ያሉት የጎማ ዱካዎችም እየሳሱ ከሄዱ፣ ስልኩ «ቀጥል» ቢልህም ተመለስ።

ከሁለቱ ካርታዎች በተጨማሪ አቅም ካለህ በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ያዝ። በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት እነዚህ መሣሪያዎች ጥሪያቸውን የሚያደርሱት ኮስፓስ-ሳርሳት በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው፤ ካናዳ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ታድጓል። መሣሪያው በስምህ መመዝገቡን፣ ባትሪው አለማለፉንም አረጋግጥ፤ ከሻንጣ ሥር ሳይሆን እጅህ በሚደርስበት ቦታ አኑረው።

ጥያቄ

የ21 ዓመት ልጄ ለአንድ ወር ብቻውን በመኪና ዱር ለዱር ሊዞር ተነሥቷል። እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። ብከለክለው «ሳልነግራችሁ እሄዳለሁ» ይላል። ልከልክለው ወይስ ቢያንስ በየሰዓቱ እንዲደውል ላስምለው?

መልስ

የተከበሩ አባት፣ ጭንቀትዎን እንረዳለን፤ ቢሆንም ሁለቱንም አያድርጉ ብለን በአክብሮት እንመክርዎታለን። ሳይናገር የሄደ ልጅ ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅለት ሰው አይኖርም፤ ከሁሉ የከፋው አደጋ ይህ ነው። በየሰዓቱ የሚደወል ስልክም ነጂውን ከመንገዱ ያዘናጋዋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ሲገባ ደግሞ እናቱን ያለ ምክንያት ያስደነግጣቸዋል።

ከእርሱ ጋር እንደ አዋቂ ተቀምጠው ይስማሙ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሌሊቱ ካረፈ በኋላ፣ በተወሰነ ሰዓት የት እንዳደረ የሚናገር አጭር መልእክት ይላክ። ኔትወርክ ወደማይገኝበት ምድር ሲገባም «እስከ ነገ ወዲያ ምሽት ድረስ ድምፄ አይሰማም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራችሁ። የተባለው ሰዓት ካለፈ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቁ፣ ከዚያም ለየትኛው የነፍስ አድን አገልግሎት እንደምትደውሉ ሦስታችሁም አብራችሁ ወስኑ፤ የተወሰነው ሰዓት ሲያልፍም «ልጁን ያሳፍረው ይሆን» ብለው አያመንቱ። በስንፍና ብቻ ዘግይቶ እንደ ሆነ ሲገኝ አይቆጡት፤ የተቆጡት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ መልእክት መላኩን ይተወዋል።

በአንድ ወረቀት ላይ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ዓይነትና ቀለም፣ የድንኳኑን ቀለም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚያልፍባቸውን መንገዶችና የሚያድርባቸውን ቦታዎች በየቀኑ ጽፎ ይስጣችሁ፤ ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። ከመሄዱ በፊትም የሁለት ቀን የሙከራ ጉዞ ያድርግ፤ መልእክቱን በሰዓቱ ከላከ እናቱም የመጀመሪያውን ሌሊት ይተኛሉ። ስጦታ ሊሰጡት ካሰቡ ከላይ የጠቀስነውን የድረሱልኝ መሣሪያ ይግዙለት።

ወረቀቱ ከስልኩ አጠገብ ይቀመጥ። ልጅዎ መንገድ ለመቀየር ቢያስብ ከመቀየሩ በፊት ይንገራችሁ፤ እርስዎም የቀድሞውን ሰርዘው አዲሱን መንገድ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጻፉበት።